የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «አፍጋኖች ለጦርነት የተፈጠሩ ናቸው?»

ባለፈው እትም አፍጋኒስታን፣ ባሚያን ውስጥ አዋላጆችን ስላሠለጠንኩበት ጊዜ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከጠበቅኩት በላይ ናቸው። ስለ ወሊድ የጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የጠየቀው ስለ ሕዝቡ ነው፤ በዚህም ደስ ብሎኛል። ለሁሉም ቦታ ስለማይበቃ አምስቱን መርጬ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬ አቅርቤአለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

*«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። አፍጋኖች እንደ እኛ በቅኝ ግዛት አልተያዙም ይባላል። እንግሊዝ፣ ሩሲያ፣ አሜሪካ፣ ሁሉም ሄደው አፍረው ተመልሰዋል። ታዲያ ይህ ሕዝብ ለጦርነት የተፈጠረ አይደለምን?»*
*የታሪክ ወዳጅ፣ ከአዳማ*

አይደለም፣ ወንድሜ። እኔ አዋላጅ ነኝ፤ ለጦርነት የተፈጠረ ልጅ ተቀብዬ አላውቅም። ጥያቄዎ በቅንነት የቀረበ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር እቆጣለሁ። ምክንያቱን ልንገርዎ።

በ1839 እንግሊዞች ካቡል የገቡት አፍጋኖች ስለ ወጓቸው አልነበረም። ሩሲያ በመካከለኛው እስያ በኩል ሕንድ ላይ ትመጣብናለች ብለው ስለ ፈሩ፣ አሚር ዶስት መሐመድን አውርደው ሻህ ሹጃን ለማንገሥ ነው የገቡት። ሕዝቡ ከሁለት ዓመት በኋላ ተነሣባቸው። በጥር 1842 ካቡልን ለቆ የወጣ ወደ 4,500 የሚሆን የእንግሊዝ ጦር ወታደርና ወደ 12,000 የሚሆን ተከታይ፣ ሴቱና ሕፃኑ ጭምር፣ በበረዶ ውስጥ ወደ ጀላላባድ ጉዞ ጀመረ። ከሳምንት በኋላ ዊልያም ብራይደን የተባለ ሐኪም ቆስሎ፣ በተዳከመ ፈረስ ላይ ሆኖ ጀላላባድ ደረሰ። ከእሱ ሌላ የተረፉት ምርኮኞችና በየመንገዱ ተንጠባጥበው የቀሩ ጥቂቶች ናቸው።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ከሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ እንግሊዞች ሳይሆኑ በደመወዝ የመጡ ሕንዳውያንና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ደግሞም እንግሊዞች በዚያው ዓመት መጸው ተመልሰው መጥተው የካቡልን ትልቁን የገበያ አዳራሽ በባሩድ አፈራርሰው ነው የወጡት። በበቀሉ ሱቁን ያጣው የካቡል ነጋዴ ነው።

በቅኝ ግዛት አልተያዙም ያሉት በከፊል እውነት ነው። በ1879 አሚር ያቁብ ካን ጋንዳማክ ላይ በፈረሙት ውል አገሪቱ የውጭ ግንኙነቷን ለእንግሊዝ አሳልፋ ሰጠች፤ በምላሹም በየዓመቱ 60,000 ፓውንድ ሊከፈላቸው ነበር። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ምኒልክ ያንን አንቀጽ አልቀበልም ብለው በ1896 አድዋ ላይ ዘጉት፤ አፍጋኖች ግን የውጭ ጉዳያቸውን ሙሉ በሙሉ ያስመለሱት አሚር አማኑላህ በ1919 ባካሄዱት አጭር ጦርነት ነው። በዚያ ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላን ካቡልን ደብድቧል። በመካከሉ ማይዋንድ አለ። በሐምሌ 1880 እንግሊዞች ከካንዳሃር በስተምዕራብ ድል የተመቱበት ሜዳ ነው። በትውፊቱ ማላላይ የምትባል ልጃገረድ የሚያፈገፍጉትን በግጥም ገሥጻ መልሳ፣ ራሷ እዚያው ወደቀች። በፓሽቶ ቋንቋ ሁለት ስንኝ ብቻ ያለው፣ ሴቶች የሚገጥሙትና ገጣሚው የማይታወቅ «ላንዳይ» የሚባል ግጥም አለ፤ ማላላይም ያለችው በዚሁ ዓይነት ግጥም ነው ይላሉ። በሰላሙ ጊዜ እነዚሁ ሴቶች በላንዳይ የሚናገሩት ስለ ፍቅር፣ ስለ መለየትና ስለማይወዱት ባል ነው።

«የኃያላን መቃብር» የሚለውንም ስም አልወደውም። በአሥር ዓመቱ የሶቪየት ጦርነት ወደ 15,000 የሚጠጋ የሶቪየት ወታደር ሞተ፤ የሞተው አፍጋን ግን ወደ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። አሜሪካ በሃያ ዓመት ውስጥ ያጣችው 2,400 ያህል ወታደር ነው፤ በዚያው ጊዜ የሞተው የአፍጋን ፖሊስና ወታደር በብዙ አሥር ሺዎች ይቆጠራል። ኃያላኑ አስከሬናቸውን ጭነው አገራቸው ገብተዋል። መቃብሩ የአፍጋኖች ነው።

*«ሲስተር፣ እንደምን አሉ? ሻርጃ በሰው ቤት እሠራለሁ። የቤቱ ሹፌር የፔሻዋር ሰው ነው። ፓስፖርቱ የፓኪስታን ሆኖ ሳለ ሲጠየቅ ‹እኔ አፍጋን ነኝ› ይላል። እየዋሸ ነው ወይስ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ?»*
*ከሻርጃ*

አልዋሸም፣ ልጄ። ሰውየው ፓሽቱን መሆን አለበት። ፓሽቱኖች ራሳቸውን በዚህ ስም ሲጠሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ድንበሩ ነው ኋላ የመጣው። በኅዳር 1893 ሞርቲመር ዱራንድ የተባለ የእንግሊዝ ሕንድ ባለሥልጣን ካቡል ድረስ ሄዶ ከአሚር አብዱረሕማን ጋር ተፈራረመ። ወደ 2,600 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር ያን ጊዜ ነው የተሠመረው። አንዱን ጎሳ ለሁለት ከፈለ፤ ክረምቱን ወደ ኢንደስ ሜዳ ወርደው በጋውን ወደ ተራራው የሚመለሱትን አርብቶ አደሮች መንገድ ቆረጠ። በ1947 ፓኪስታን የተባበሩት መንግሥታት አባል ልትሆን ድምፅ ሲሰጥ ብቸኛዋ ተቃዋሚ አፍጋኒስታን ነበረች። ፓኪስታን ከተመሠረተች ወዲህ ካቡል ላይ የተቀመጠ መንግሥት፣ ንጉሡም፣ ኮሙኒስቱም፣ ጣሊባኑም፣ ያን መስመር እንደ ድንበር አልተቀበለም። ዛሬ ከአፍጋኒስታን ይልቅ በፓኪስታን የሚኖረው ፓሽቱን ይበዛል። ሞያሌ ላይ ቦረናውን ለሁለት የከፈለውን መስመር ላየ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ከአፍጋኒስታን የመጣ ሁሉ ፓሽቱን አይደለም። ታጂክ፣ ሃዛራ፣ ኡዝቤክ፣ ቱርክመን፣ ባሉች፣ ኑሪስታኒ አለ። ያው አብዱረሕማን በ1890ዎቹ መጀመሪያ የሃዛራን አገር በጦር ሲያስገብሩ ብዙው ሕዝብ አልቋል፤ መሬቱ ተወስዷል፤ ሴቱና ልጁ በባርነት ተሸጧል፤ የተረፈው ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ወዳለችው ኬታና ኢራን ውስጥ ወዳለችው ማሽሃድ ተሰዷል። ስለዚህ ከካቡል የመጣ ሰው ስታገኚ «ጎሳህ ምንድን ነው?» ብለሽ አትጀምሪ። እኛም ይህ ጥያቄ እንዴት እንደሚያም እናውቃለን።

*«ሲስተር፣ የቀድሞው ሠራዊት አባል ነበርኩ። በደርግ ዘመን በየስብሰባው ስለ አፍጋኒስታን አብዮት ይነገረን ነበር። እኛንም እነሱንም ያስታጠቀው ያው ሶቪየት ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ ግን በቅጡ የነገረኝ የለም።»*
*ጡረተኛ፣ ከሐዋሳ*

ጋሼ፣ ለዚህ ጥያቄ በጣም አመሰግናለሁ። የሁለቱ አገሮች መንገድ በእነዚያ ዓመታት እጅግ ይቀራረባል። በእነሱ በ1971 እና 1972 ድርቅና ረሃብ ጎርን የመሰሉ ደጋማ አውራጃዎችን መታ፤ በእኛ ወሎን። በሐምሌ 1973 ንጉሥ ዛሂር ሻህ ጣሊያን አገር ሳሉ የአጎታቸው ልጅ ዳውድ ካን ዙፋኑን ገለበጡ፤ የእኛ ንጉሠ ነገሥት የወረዱት በመስከረም 1974 ነው። በሚያዝያ 1978 ኮሙኒስት መኮንኖች ዳውድን ከነቤተሰባቸው ገደሉ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ኢትዮጵያ ከሞስኮ ጋር የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ፈረመች። ካቡል በታኅሣሥ መጀመሪያ ተከተለች።

አዲሱ መንግሥት ያወጣቸው አዋጆች ሲነበቡ መልካም ናቸው። የአራጣ ዕዳ ይሰረዝ፣ ለሙሽራ የሚከፈለው ጥሎሽ ይገደብ፣ መሬት ለገበሬው ይከፋፈል፣ ሴቶች ማንበብና መጻፍ ይማሩ የሚሉ ናቸው። ያጠፋቸው አፈጻጸሙ ነው። ገና ጢማቸው ያልበቀለ ካድሬዎች መንደር ገብተው ሽማግሌውን በልጆቹ ፊት አዋረዱ፤ ሴቶችን በግድ ወደ ትምህርት ቤት ነዱ፤ የተቃወመውን ሙላና የጎሳ አለቃ አሰሩ፤ ከታሰረው ብዙው አልተመለሰም። ፑል-ኤ-ቻርኪ የሚባለው የካቡል እስር ቤት ስሙ እስከ ዛሬ ያስደነግጣል። በመጋቢት 1979 ሄራት ተነሣች፤ ከተማዋ የነበረው ጦር ከሕዝቡ ጋር አበረ፤ መንግሥት የገዛ ከተማውን በአውሮፕላን ደበደበ። መሪዎቹ ደግሞ እርስ በርስ ተበላሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሚን የአገሪቱን መሪ ታራኪን አስገደለ፤ ሶቪየቶች ደግሞ በታኅሣሥ 27 ቀን 1979 ታጅቤግ ቤተ መንግሥት ገብተው አሚንን ገድለው ባብራክ ካርማልን አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የገጠሩ መከራ ነው። ሸማቂው የተጠጋበት መንደር ይደበደባል፤ የከርሰ ምድር መስኖው ይፈርሳል፤ ሰዉ ይሰደዳል። በመጨረሻ ከስድስት ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ፓኪስታንና ኢራን ገብቶ ነበር። ፔሻዋር ተቀምጠው የሚዋጉትን ሰባት ድርጅቶች በአሜሪካና በሳዑዲ ዓረቢያ ገንዘብ የሚያስታጥቀው የፓኪስታን የስለላ ድርጅት ነው፤ መሣሪያውን በብዛት የሚሰጠውም ለራሱ ለሚመቹት አክራሪዎች ነው። ሶቪየቶች በየካቲት 15 ቀን 1989 ወጡ፤ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ግሮሞቭ በድንበሩ ላይ ያለውን የአሙ ዳርያ ወንዝ ድልድይ በእግሩ ተሻገረ። ካቡል ላይ የቀረው፣ ካርማልን የተካው የናጂቡላህ መንግሥት ሁሉም ነገ ይወድቃል ሲለው ሦስት ዓመት ቆየ፤ የሞስኮ ገንዘብና ነዳጅ ሲቋረጥ ግን በሚያዝያ 1992 ወደቀ። የእኛ አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ነበር። ናጂቡላህ ካቡል በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ተጠልሎ፣ በመስከረም 1996 ጣሊባን ጎትተው አውጥተው እስኪገድሉት ድረስ እዚያው ኖረ። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ የጣሊያን ኤምባሲ ገብተው ለአሥርተ ዓመታት የቀሩት የደርግ ባለሥልጣናት ነበሩ።

ከ1992 እስከ 1996 ካቡልን ያፈራረሱት ግን ሶቪየቶችም አሜሪካኖችም አይደሉም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ለአፍጋን ወዳጆቼ አልታመንኩም። ከሸማቂዎቹ መሪዎች አንዱ ሄክማትያር ከተማዋን በሮኬት ደበደበ፤ የሌሎቹ የጦር አለቆች፣ የማሱድ፣ የዶስተም፣ የሳያፍና የማዛሪ ሰዎች በየሠፈሩ ተዋጉ። በየካቲት 1993 አፍሻር በሚባለው የሃዛራ ሠፈር የተፈጸመውን ግድያ በሕይወት የተረፉ ሴቶች ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። የካቡል ምዕራባዊ ግማሽ ፍርስራሽ ሆነ። ጣሊባን በ1994 ከካንዳሃር ሲነሡ ብዙው ገበሬ ዝም ብሎ የተቀበላቸው ሃይማኖታቸውን ወዶ ሳይሆን፣ በየኬላው የሚዘርፉትንና ሴት የሚደፍሩትን ታጣቂዎች ስላባረሩለት ነው። ጥያቄዎ ወታደራዊ ቢሆንም የእኔ መልስ ይኸው ነው፤ የደከመ ሕዝብ መንገዱ ሰላም ይሁንለት እንጂ ማንንም ይቀበላል።

*«ያሠለጠኗቸው አዋላጆች አሁን የት ናቸው? ደግሞስ ሴቶቹ ራሳቸው ይህን ኑሮ ወደውት ነው የሚባለው እውነት ነው?»*
*ነርስ፣ ከጎንደር*

ከሁለተኛው ልጀምር። ወደውት አይደለም። የአማኑላህ ሚስት ንግሥት ሶራያ ካቡል ላይ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የከፈቱት በ1921 ነው። በ1965 አራት ሴቶች በምርጫ ፓርላማ ገብተዋል። ይህ ግን የከተማው ታሪክ ነው፤ ገጠሩ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አላየም፤ ሴቱ ቀርቶ ወንዱም። ስለዚህ የ1960ዎቹን የካቡል ፎቶግራፍ እያሳዩ «አገሪቱ እንዲህ ነበረች» የሚሉትንም አላምንም።

በ2002 በአራት ወረዳዎች ላይ ተመሥርቶ በወጣ ጥናት ከ100,000 ሕያው ልደት 1,600 እናቶች ይሞቱ ነበር። ባዳክሻን ውስጥ ራግ በሚባል ወረዳ ቁጥሩ 6,500 ነበር፤ በየትኛውም አገር ከዚያ የከፋ ተመዝግቦ አያውቅም። እህቴ፣ ሙያሽ ስለሆነ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል። በመላ አገሪቱ የሠለጠነች አዋላጅ ከ500 አትበልጥም ነበር። የተገኘው መፍትሔ ልጃገረዷን ከከተማ መላክ ሳይሆን፣ መንደሩ ራሱ የመረጣትን ሴት አምጥቶ፣ አሠልጥኖ፣ ወደዚያው መመለስ ነው። በዚህ መንገድ በአሥር ዓመት ውስጥ አዋላጆቹ በሺዎች ሆኑ።

ባሚያን ከፍታው 2,500 ሜትር ያህል ነው። ከ2001 በፊት ሁለቱ የቡድሃ ሐውልቶች፣ 55 እና 38 ሜትር የሚረዝሙት፣ ቆመውበት የነበረው ገደል ከክፍላችን መስኮት ይታይ ነበር። ጣሊባን በመጋቢት 2001 አፍርሰዋቸው ባዶ ጎድጓዳው ብቻ ቀርቷል። በዙሪያው ባሉት ዋሻዎች ቤት የሌላቸው ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ቡኻሪ የሚባለውን የቆርቆሮ ምድጃ አንድደን ከጨርቅ የሰፋነውን ዳሌና አሻንጉሊት እያገላበጥን እንማራለን። ከያካውላንግ ወገን የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ የሚጠባ ልጅ ስላላት አማቷ አብራ መጥታ በር ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ታባብላለች። አንድ ሌሊት አራት ወንዶች በእንጨት አልጋ ተሸክመው አንዲት እናት አመጡ፤ ልጁ መንገድ ላይ ተወልዷል፣ እንግዴ ልጁ አልወጣም፣ ደሙ አልጋውን አልፎ ይንጠባጠባል። ተማሪዋ እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። መርፌውን ወጋች፣ እንግዴ ልጁን አወጣች፣ ከዚያ ማሕፀኗን በሁለት እጇ መሐል ጨምቃ ይዛ ደሙ እስኪቆም ድረስ አለቀቀችም። አማቷ ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ይዛላት ነበር። በማግስቱ እኚያ አማት «ይህች ልጅ ትምህርቷን ሳትጨርስ ቤት አትገባም» ብለው ለልጃቸው ላኩበት።

አሁን የት ናቸው ላልሽው፣ አንዳንዶቹ ዛሬም በየጤና ጣቢያቸው ይሠራሉ። ጣሊባን በነሐሴ 2021 ከተመለሱ ወዲህ ቀድመው የሠለጠኑትን የጤና ሴቶች አልከለከሉም። ነገር ግን ልጃገረዶች ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ተደርጓል፤ በታኅሣሥ 2022 ዩኒቨርሲቲው ተዘጋባቸው፤ በታኅሣሥ 2024 የነርስና የአዋላጅ ሥልጠናውም ተዘጋ። ሴት በወንድ ሐኪም መታየት በማይፈቀድበት ብዙ መንደር አዋላጅ እንዳትሠለጥን መከልከል እናቶች ይሙቱ ብሎ መፍረድ ነው። ከእነዚህ ልጆች መካከል ካቡል የሄዱም ነበሩ። በግንቦት 12 ቀን 2020 ዳሽት-ኤ-ባርቺ በሚባለው የሃዛራ ሠፈር ታጣቂዎች የማዋለጃ ክፍል ገብተው 24 ሰው ገደሉ፤ አብዛኞቹ ሊወልዱ የመጡና ገና የወለዱ እናቶች ነበሩ፤ አንዲት አዋላጅም አለችበት። ከእኔ ተማሪዎች አልነበረችም። እኔ ግን ከእነሱ ለይቼ አላያትም።

*«አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እኖራለሁ። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ በ2021 ከካቡል የወጣ ቤተሰብ አለ። ለትንሣኤ ዶሮ ወጥ ልወስድላቸው አስቤ ነበር፤ ግን ባልየው ሰላም ሲለኝ እንኳ አያየኝም። ጠልቶኝ ይሆን?»*
*ከቨርጂኒያ*

አልጠላሽም፣ እህቴ። ዓይኑን የሚሰብረው አክብሮሽ ነው። እጅሽን ቀድመሽ አትዘርጊ፤ እሱ እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። የሚስቱን ስም እሱን አትጠይቂው፤ ራሷን ጠይቂያት። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሴት ስም በወንዶች ፊት አይነሣም፤ የእናት ስም በልጆች መታወቂያ ላይ እንዲጻፍ የተፈቀደው እንኳ ሴቶች ብዙ ታግለውለት በ2020 ነው።

ዶሮ ወጡን ተዪው። እኛ ዘንድ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ እንዴት እንደሚለይ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የእነሱም ሕግ ያው ነው። የጾም በያይነቱ ይዘሽ ሂጂ፤ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ አተር ክክ። በርበሬውን ቀንሺ፤ የአፍጋን ምግብ ሄል የሚሉት ኮረሪማ መሰል ቅመም ይበዛበታል እንጂ አያቃጥልም። ጫማሽን በር ላይ አውልቂ። መሬት ላይ በተነጠፈው ደስተርኻን በሚባለው የማዕድ ጨርቅ ዙሪያ ሲያስቀምጡሽ የክብር ቦታው ከበሩ የራቀው ነው፤ እንቢ አትበዪ። ካቡሊ ፓላው ያቀርባሉ፤ ከሩዙ ሥር የበግ ሥጋ፣ ከላዩ የተከተፈ ካሮትና ዘቢብ አለው። ሥጋውን የማትበዪ ከሆነ ቀድመሽ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ሃይማኖትሽን ስትጠብቂ ያከብሩሻል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ቦላኒ አለ። ድንች ወይም ጋንዳና የሚባል ቅጠል ተሞልቶ በዘይት የሚጠበስ ስስ ቂጣ ነው። አብሮት የሚመጣውን እርጎ ብቻ ተዪው።

ስለ አየር ማረፊያው አትጠይቂ። በነሐሴ 2021 በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ120,000 በላይ ሰው ከካቡል ወጣ፤ በር ላይ በፈነዳው ቦምብ ወደ 170 የሚሆኑ አፍጋኖች አልቀዋል። ማን እንደ ቀረባቸው አታውቂም። የመኖሪያ ወረቀታቸው ጉዳይም ብዙ ጊዜ በእንጥልጥል ያለ ነው፤ ጠበቃ የምታውቂ ከሆነ ስልኩን ስጫቸው፤ ከዶሮ ወጡ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ሚስትየዋን ቡና ጥሪያት። ሻይ ለምደው ያደጉ ናቸው፤ ለቡናው ቁርስ ግን ቆሎ ከቀረበ ቤቷ ያለች ይመስላታል፤ የተቆላ ሽምብራ እነሱም ይወዳሉ።

በመጋቢት 20 ወይም 21 ኖውሩዝ የሚባለውን አዲስ ዓመታቸውን ያከብራሉ። እንደ እኛ የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር አላቸው። ካቡል ያሉት ገዢዎች በዓሉን ከሕዝብ በዓላት ሰርዘውታል፤ በስደት ያሉት ግን የበለጠ ያደምቁታል። በዚያ ቀን ከጠሩሽ ሃፍት ሜዋ ያቀርቡልሻል። ሰባት ዓይነት የደረቀ ፍሬ፣ ዘቢብ፣ አልሞንድ፣ ፒስታቺዮ፣ ዋልነት፣ አፕሪኮት የመሳሰለው፣ በውኃ ተዘፍዝፎ በገዛ ጣፋጩ የሚጠጣ ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ሃፍት ሜዋ ግን ወተትም ቅቤም ስለሌለው ሳትሳቀቂ ብዪ።